ስለ ዐሥራ ሦስቱ ማን ይቅር ይላል?

በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ በጃካርታ፥ በቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት፥ ሐሙስ ሐሙስ ጥቁር ለብሰው ጥቁር ጥላ ይዘው የሚቆሙ ሰዎች አሉ። መቆም የጀመሩት በ2007 ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። ከመካከላቸው በ1997 እና በ1998 ታፍነው የቀሩ ሰዎች ወላጆችና ዘመዶች ይገኛሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሱሃርቶ ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ የመንግሥቱ ተቃዋሚዎች እየታፈኑ ተወሰዱ። ከእነርሱ 9ኙ ተመለሱ፤ 13ቱ ግን የገቡበት አልታወቀም። በ9ኙ መታፈን ከልዩ ጦሩ 11 ወታደሮች በ1999 በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። የዚያ ጦር አዛዥ የነበሩት የሱሃርቶ አማች ጀኔራል ፕራቦዎ ሱቢያንቶ ናቸው። በ1998 የመኰንኖች የክብር ጉባኤ ጉዳያቸውን መርምሮ ከሠራዊቱ እንዲሰናበቱ አሳሰበ፤ ተሰናበቱም። በፍርድ ቤት ግን አልቆሙም። በየካቲት 2024 ከ96 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት ለመሆን ተመረጡ።

እኔ የምወቅሰው ሹመት የፈለጉትን ሰው አይደለም፤ ሹመት መፈለግ ወታደርንም ካህንንም የሚይዝ ደዌ ነውና። የምወቅሰው ፓርቲዎቹን ነው። «ሕዝቡ መረጠ፤ እናንተ ምን አገባችሁ?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚያ ምርጫ ጊዜ ከምክር ቤቱ ወንበር 20 በመቶ ወይም ከሕዝቡ ድምፅ 25 በመቶ ያልያዘ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ኅብረት እጩ ማቅረብ አይችልም ነበር፤ ደንቡ የተሻረው በ2025 መጀመሪያ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የመረጠው ፓርቲዎቹ ደጁን ከከፈቱላቸው መካከል ነው።

በር ከፋቾቹስ እነማን ናቸው? በ1998 ያሰናበታቸው ጉባኤ አባል ከነበሩት መኰንኖች አንዱ ሱሲሎ ባምባንግ ዩዶዮኖ ነበሩ፤ እርሳቸው የመሠረቱት የዴሞክራት ፓርቲ በ2024ቱ ምርጫ ያንኑ ሰው ደገፈ። የሜጋዋቲ ፓርቲ ደግሞ በ2009 ጀኔራሉን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ከመሪው ጋር አሰለፈ፤ በ2014 ተፎካካሪ ሲሆኑበት የዚሁ ፓርቲ እጩ ምክትል በክርክር መድረክ ስለ ሰብአዊ መብት ጠየቋቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ ምን አዲስ ነገር ተሰማ? ምንም። ወዳጅ ሲሆኑ የተረሳ ክስ ጠላት ሲሆኑ ታወሰ። በዚያው በ2009 ምክር ቤቱ 13ቱ እንዲፈለጉና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም መወሰኑን ስናስብማ ነገሩ ይብሳል፤ ፍርድ ቤቱ አልተቋቋመምና።

በቅኔ ቤት ሰሙን ብቻ ይዞ የመጣን ተማሪ መምህሩ ወርቁን ሳይሰማ አያሰናብተውም። የእነዚህ ሰዎች ሰም «የአገር አንድነት» ነው፤ ወርቁን ግን በሚኒስትሮች ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ጆኮ ዊዶዶ ሁለት ጊዜ ያሸነፏቸውን ጀኔራል በ2019 የመከላከያ ሚኒስትር አደረጓቸው። በጥር 2023 ስለ ቀድሞ ዘመን 12 ታላላቅ በደሎች ማዘናቸውን በአደባባይ ተናገሩ፤ የ1997 እና የ1998 አፈና ከ12ቱ አንዱ ነበር። በየካቲት 2024፥ ምርጫው በተፈጸመ በሁለት ሳምንት፥ ለጀኔራሉ ባለ አራት ኮከብ የክብር ማዕረግ ሰጡ። እንዲህ ያለው ኀዘን ለማን ይጠቅማል?

አንድ የሚከብድ ነገር ግን አለ፤ አልሸሽገውም። ከተመለሱት ከ9ኙ አንዳንዶቹ ኋላ በጀኔራሉ ፓርቲ ገብተው የምክር ቤት አባል ሆነዋል። ደጋፊዎቹ ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። እኔም እነዚያን ሰዎች አልነቅፍም፤ የተበደለ ስለ ራሱ በደል ይቅር ማለት ይችላል፤ ሥልጣኑ የራሱ ነው። ስለ 13ቱ ግን ይቅር የማለት ሥልጣን ለእነርሱም፥ ለፓርቲዎቹም፥ ለ96 ሚሊዮኑ መራጭም አልተሰጠም። ድምፅ የሚቈጠረው ነገ ማን ያስተዳድር ለማለት ነው፤ ትናንት የጠፋው ሰው የት ነው የሚለውን ጥያቄ የምርጫ ሣጥን አይመልሰውም።

ጥላ የያዙት ሰዎች ከምርጫው በኋላም ሐሙስ በዚያው ስፍራ ቆመዋል፤ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚቀመጡት ግን ጀኔራሉ ሆነዋል።