የዘላቂ ልማት ግቦችና የጣና ዳርቻ ትምህርት ቤቶች

ጣና ሐይቅና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገቡት በሰኔ 2007 ዓ.ም ነበር። በጥቂት ወራት ልዩነት፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች 17 ግቦችንና 169 ዝርዝር ዒላማዎችን የያዘውን የዘላቂ ልማት አጀንዳ ኒውዮርክ ላይ አጸደቁ። ኢትዮጵያም አጀንዳውን ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። የሁለቱ ውሳኔዎች መገጣጠም አጋጣሚ ቢሆንም፣ በጣና ዳርቻ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ከአጋጣሚ ያለፈ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ከግቦቹ አራተኛው የትምህርት ጥራትን የሚመለከት ሲሆን፣ በሥሩ የተቀመጠው ሰባተኛ ዒላማ እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ድረስ ተማሪዎች ሁሉ ለዘላቂ ልማት የሚያስፈልገውን ዕውቀትና ክህሎት እንዲጨብጡ ያሳስባል። ይህን ለመፈጸም አመቺ መስሎ የሚታየው መንገድ ባለቀለም ሥዕሎቹን በክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፎ የግቦቹን ስም በተራ ቁጥር ማስጠናት ነው። በዚህ መንገድ የተማረ ልጅ ግን በመስኮት የሚያየውን ሐይቅ ከሸመደደው ዝርዝር ጋር ለማገናኘት ይቸገራል። መምህሩም ቢሆን ሊሳሳት ይችላል፤ ዓሣ የተሣለበት 14ኛው ግብ የሚመለከተው ውቅያኖሶችንና ባሕሮችን ነው። የጣና ጉዳይ የሚገኘው ስለ ውኃ በሚያወሳው 6ኛውና የየብስ ሥነ ምህዳርን በሚመለከተው 15ኛው ግብ ሥር ነው።

እምቦጭን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። የትውልድ ሥፍራው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ መጤ አረም በጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው በ2004 ዓ.ም ነው። ከዚያ ወዲህ በተለይ በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ እየተስፋፋ የዓሣ አጥማጆችን መረብና የጀልባዎችን መተላለፊያ ሲዘጋ፣ የከብቶችን ግጦሽ ሲወርር ቆይቷል። አረሙን በእጅና በማሽን ለማስወገድ በየጊዜው ዘመቻ የተካሄደ ሲሆን፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም የተጀመረው የአንድ ወር ዘመቻ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዘመቻ አስፈላጊ ቢሆንም የማይመልሰው ጥያቄ አለ፤ የተነቀለው አረም ለምን መልሶ ይበቅላል? መልሱ ያለው በአመዛኙ ከሐይቁ ውጪ ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራና ግልገል አባይ ከተራቆቱ ተዳፋቶች አፈርን፣ ከማሳዎች ማዳበሪያን አጥበው ያመጣሉ፤ ከከተሞች የሚወጣ ፍሳሽም ይጨመርበታል። እምቦጭ የሚመገበው ይህንኑ ነው። ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ልጆችን ለነቀላ ማሰለፍ ትምህርት የሚሆነው ይህን ሰንሰለት እስከ ምንጩ ተከትለው እንዲረዱ ሲደረግ ነው፤ አለበለዚያ ጉልበታቸውን ከመበደር አያልፍም።

ሰንሰለቱን እስከ ምንጩ መከተል ደግሞ ከከባዱ ጉዳይ ጋር ያገናኛል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ረሃብን ለማጥፋት ለተቀመጠው 2ኛ ግብ ድርሻውን እየተወጣ ነው። ያው ገበሬ የሚጠቀመው ማዳበሪያና ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚታረሰው ረግረግ መሬት ግን ከ6ኛውና ከ15ኛው ግብ ጋር ያጋጨዋል። ደንገል የሚበቅለው፣ ቀረሶና አምባዛም የሚራቡት በዚሁ ረግረግ ነው። ግቦቹ እርስ በርስ ሊጋጩ እንደሚችሉ ባለቀለሞቹ ሥዕሎች አይናገሩም። አባቷ ሩዝ አምራች የሆነ ተማሪ ግን ግጭቱን ከቤቷ ታውቀዋለች፤ አባቷ ጥፋተኛ ሳይባል ጉዳዩ በክፍል ውስጥ ሊነሳ ይገባል።

ለዚህ የሚሆን ቦታ አለ። በ2015 ዓ.ም ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ ይሰጣል። ባሕር ዳርም ለጉዳዩ እንግዳ አይደለችም፤ በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የፔዳጎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት ሲቋቋም፣ ከመምህራን ጋር የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኞችንም እንዲያሠለጥን ታስቦ ነበር። የሐይቁ የውኃ ከፍታ ለበርካታ አሥርት ዓመታት ሲመዘገብ ኖሯል። ቁጥሮቹን ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማዋል በጀት አይጠይቅም፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው የሚጻፍ ደብዳቤ ይበቃል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። በ4ኛው ግብ ሥር ከሰባተኛው ዒላማ አስቀድሞ የሰፈረው የመጀመሪያው ዒላማ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሁሉ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በነጻ እንዲያጠናቅቁ የሚጠይቀው ነው።