መዝገብ የሌለው መስዋዕትነት
ከሃውገንስቱዋው የመታሰቢያ ሩጫ በኋላ

የኢትዮጵያና የኖርዌይ የድል በዓላት በሦስት ቀን ብቻ ይለያያሉ። የእኛ ሚያዝያ 27፣ በፈረንጆቹ ሜይ 5 ነው፤ የእነሱ ሜይ 8። ሁለቱም አገሮች በወራሪ እጅ አምስት አምስት ዓመት ቆይተዋል፤ እኛ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እነሱ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945። የሁለቱም ነገሥታት ስደት እንግሊዝ አገር ነበር፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በባዝ ከተማ፣ ንጉሥ ሆኮን ሰባተኛ በለንደን። ሁለቱም አርበኛ ነበራቸው፣ ሁለቱም ባንዳ ነበራቸው። መመሳሰሉ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ልዩነቱ የሚጀምረው ከድሉ ማግስት ነው።

ይህን እንዳነሳ ያደረገኝ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን፣ ቅዳሜ፣ በምሥራቅ ኦስሎ በምትገኘው ሃውገንስቱዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በዓሉን ምክንያት አድርገን ያካሄድነው የአምስት ኪሎ ሜትር የመታሰቢያ ሩጫ ነው። ሩጫ ይባል እንጂ እንደ እኔ ስድሳን ለተሻገረ ሰው ሶምሶማም አልሆነም፤ በእርምጃ ነው የጨረስነው። ከባቡር ጣቢያው ተነስተን፣ በረጃጅሞቹ ፎቆች መካከል አድርገን፣ ወደ ስቶቭነር ወጥተን ተመለስን። መዋጮው በነፍስ ወከፍ 200 ክሮነር ነበር። ደረት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ግን እንደ ሌላው ሩጫ ቁጥር አልነበረበትም። እያንዳንዱ ሯጭ ከዘመዶቹ መካከል ለአገር የወደቀ የአንድ ሰው ስም ጽፎ እንዲለጥፍ ነበር የተባለው።

እኔ ማይጨው ላይ የቀረውን የእናቴን አባት ስም ጻፍኩ። የማይጨው፣ የኦጋዴን፣ የባድመ ስሞች ያለ ክርክር ተለጠፉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ያለው ዘመን ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ተበላሸ። አንዱ በመከላከያ ውስጥ ሆኖ የሞተ ወንድሙን ስም ጻፈ። እዚያው ፎቅ ውስጥ የሚኖር ጎረቤቱ በትግራይ በኩል ተሰልፎ የሞተ የአክስቱን ልጅ ጻፈ። አንዲት እናት ደግሞ ጎጃም ውስጥ በገዛ ደጁ ላይ በተተኮሰ ጥይት ስለሞተ የእህታቸው ልጅ፣ “እሱ እንኳ ወታደር አልነበረም፤ ይጻፋል ወይ?” ብለው ጠየቁ። ሁለት ቤተሰቦች “ከገዳይ ስም ጋር አብረን አንሮጥም” ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የተሰበሰበው ገንዘብ ለማን ይላክ የሚለው ክርክርማ ከሩጫው ሦስት እጥፍ ጊዜ ወሰደ።

ይህን የአንድ ሰፈር ጭቅጭቅ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን የአገሪቱን ሕመም በትንሹ ያሳየን ይመስለኛል። ለመሆኑ “ለአገር የወደቀ” የሚባለው ማነው? የሚወስነውስ ማነው?

የእናትየዋ ጥያቄ መልስ ያለው በታሪካችን ውስጥ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በሦስት ቀናት ውስጥ በአዲስ አበባ የታረደው ሕዝብ ወታደር አልነበረም። ጎጆው ውስጥ የተቃጠለ፣ መንገድ ላይ በአካፋና በዶማ የተገደለ ሰላማዊ ሰው ነው። ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ግን “የሰማዕታት” ይባላል። ሰማዕት በግዕዙ ምስክር ማለት ነው። ጠመንጃ ይዞ የሞተም ሆነ ደጁ ላይ የተገደለ፣ በዘመኑ ስለተፈጸመው ነገር ይመሰክራል። ስሙ ያልታወቀ ሰው ግን እንዴት አድርጎ ይመስክር? የኢትዮጵያ መንግሥት በእነዚያ ቀናት የተገደለውን 30 ሺህ ብሎታል። ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊ ኢያን ካምቤል ደግሞ ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 11 ሺህ ሰው አለ! በስም ያልተመዘገበ ሙት ሁለት ጊዜ ይሞታል የምለው ለዚህ ነው።

ኖርዌጂያኖች ምን አደረጉ? ከድሉ በኋላ 90 ሺህ ገደማ ሰዎችን በአገር ክህደት ጉዳይ መረመሩ። ኪስሊንግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1945 በጥይት ቀጡት። እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1951 ደግሞ መንግሥት በጦርነቱ የወደቁትን ከ10 ሺህ በላይ ዜጎች በስም ዘርዝሮ በአራት ቅጽ አሳተመ። ይህም ሆኖ ያለ እንከን አልነበረም። በመርከብ ላይ ሆነው ለአጋር ኃይሎች ነዳጅና ስንቅ ሲያመላልሱ ከ3 ሺህ በላይ ጓዶቻቸውን በባሕር ያጡት መርከበኞች ለሥራቸው የሚገባቸውን ክፍያ ሳያገኙ ብዙ ዓመት ተጉላልተዋል። ፓርላማው ገንዘብ የፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ መንግሥት በይፋ ይቅርታ የጠየቃቸው ደግሞ በ2013። ሀብታም አገርም ባለውለታዋን ትረሳለች። ነገር ግን ስምና መዝገብ ስለነበረ የተረሳው ሰው ተነስቶ ለመጠየቅ ቻለ።

ወደ እኛ እንመለስ። በላይ ዘለቀ ከድሉ በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ሲቀጣ፣ ከባንዳው መካከል ሹመት ያገኘው ጥቂት አልነበረም። ደርግ የድሉን ቀን ሳይቀር ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ንጉሡ የገቡበት ቀን እንዳይከበር ተብሎ ነው። ኢሕአዴግ ቀኑን ወደ ቦታው መለሰው፤ መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ ለግራዚያኒ የቆመውን መታሰቢያ ለመቃወም በአዲስ አበባ የተሰለፉ ዜጎችን ለቅሞ አሰረ። ልብ በሉ፤ የታሰሩት ግራዚያኒን ስለተቃወሙ ነው! በ2015 ዓ.ም. የካቲት 23 ደግሞ የአድዋን ድል በምኒልክ አደባባይ ለማክበር የወጣው ሕዝብ በብልጽግና መንግሥት የጸጥታ ኃይሎች አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰበት። በዓመቱ እዚያው አካባቢ ግዙፉ የአድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ገዥዎቻችን መታሰቢያን አይጠሉም። የሚፈሩት ሕዝቡ በራሱ እጅ የያዘውን መታሰቢያ ነው።

ቆጠራውም እንዲሁ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ኤርትራ 19 ሺህ ወታደር እንደሞተባት በ1993 ዓ.ም. አስታወቀች። በእኛ በኩል የሟቾች የስም መዝገብ እስከ ዛሬ ለሕዝብ አልቀረበም። ስለ ሰሜኑ ጦርነት የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ የነበሩት ኦባሳንጆ በጥር 2015 ዓ.ም. የሟቹ ቁጥር ወደ 600 ሺህ እንደሚደርስ ተናገሩ። መዝገብ ግን የለም። በአንጻሩ የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ኑሮአቸው የሚመልሳቸው የቀድሞ ተዋጊዎች 371,971 እንደሆኑ ያውቃል። እንግዲህ የለጋሾች ገንዘብ የሚገኝበትን ሕያው እስከ መጨረሻዋ አንድ ሰው መቁጠር የቻለ መንግሥት፣ ካሣ የሚያስጠይቀውን ሙት በመቶ ሺህ እንኳ መቁጠር አቃተው ማለት ነው። መቁጠር እንደሚቻል ደግሞ ማስረጃ አለን። ከምርጫ 97 በኋላ የተገደሉትን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሟቾችን ለይቶ አውቋል፤ ይህንን ለዓለም ያሳወቁት ግን ለስደት የተዳረጉት የኮሚሽኑ ኃላፊዎች ናቸው።

በሃውገንስቱዋ ከተመለሱት አባወራዎች አንዱ በኋላ ስልክ ደውሎ “ዶክተር፣ ገዳይና ሟችን በአንድ ወረቀት ላይ ልታስቀምጡ ነው?” ብሎ ሞግቶኛል። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። መልሴ፣ መዝገብ ሽልማት አይደለም የሚል ነው። ስም፣ የሞተበት ቦታ፣ የሞተበት ቀን፤ ከዚህ ሌላ ምንም አይጨመርበት። ጀግናና ወንጀለኛን የሚለየው ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ያለ መዝገብ ምንም ሊለይ አይችልም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ቆጠራ፣ ቀጥሎ ፍርድ፣ ከዚያ በኋላ ሐውልት ነው። እኛ አገር ግን ሁልጊዜ በሐውልቱ ይጀመራል፤ ለዚህም ነው የቆመው ሐውልት ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የሚፈርሰው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛው፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ከወረቀት አልፎ ሥራ ላይ የሚውል ከሆነ፣ የሟቾችና የደብዛ ጠፊዎች የስም መዝገብ ከችሎቱ በፊት ይቅደም። ጦርነቱ በአማራም በኦሮሚያም ሳይቆም ይህን ከመንግሥት ብቻ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው የእኛው የስደተኞቹ ድርሻ ይሆናል። ስልክ ደውለን ከእናቶቻችን፣ ከጎረቤት፣ ከደብሩ፣ ከመስጊዱ፣ ከዕድሩ ስም መሰብሰብ እንችላለን። በየከተማው የምናዋጣው ገንዘብም ጥይት ለሚገዛ ሳይሆን ለአካል ጉዳተኛው፣ ለመበለቷና ለተፈናቃዩ ልጅ ይድረስ። የእኛው መዋጮ ከብዙ ሙግት በኋላ ለተፈናቃይ ልጆች ደብተርና ጫማ እንዲውል ተወስኗል፤ ልጆቹ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልተጠየቀም።

የእናትየዋ የእህት ልጅም ተጽፏል። ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው አምስቱን ኪሎ ሜትር ጨርሰዋል። የሚቀጥለው ሥራ ያንን ስም ከወረቀት ወደ መዝገብ ማዛወር ነው።

ለሁላችንም ልቦና ይስጠን።