ኦቲዝም፣ ሮቦትና የእኛ ትዕግሥት

ዛሬ ብዙ ወላጆች በር ዘግተው ስለሚያለቅሱበት ጉዳይ እናወሳለን። ልጁ ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ ዓይን ለዓይን አያይም፤ ቆርኪ ሲደረድር ይውላል። ዘመድ «ዓይን ነው»፣ «ጂን ነው» ይላል። ኦቲዝም ግን የአእምሮ እድገት ልዩነት እንጂ የወላጅ ጥፋት ያመጣው አይደለም። ዱዓ ማድረጉም ባለሙያ ማማከሩን አያስቀርም።

በውጭው ዓለም እነዚህን ልጆች ከሰው ጋር መግባባትን በሮቦት ማለማመድ ከተጀመረ ቆይቷል። በእንግሊዝ የኸርትፎርድሻየር ዩኒቨርሲቲ የሠራው «ካስፓር» የሕፃን ቁመና ያለው ሲሆን፣ ፊቱ ሆን ተብሎ ቀለል ተደርጓል። የሰው ፊት በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ ልጁን ያደናግረዋል፤ ሮቦቱ ግን አንዱን ፈገግታ መቶ ጊዜ ቢደግም አይሰለችም፣ አይቆጣም። ቁርኣን ቤት አሊፍ፣ ባ፣ ታን ሲያስቀራ የኖረ ኡስታዝ የመደጋገምን ጥቅም ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው የል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ 12 ልጆች በየቤታቸው በቀን 30 ደቂቃ ለ30 ቀናት ከሮቦትና ከአሳዳጊያቸው ጋር ተጫወቱ። ሌላው ሰው የሚያየውን አብሮ የማየት ችሎታቸው ተሻሻለ። ሮቦቱ ከተወሰደ ከወር በኋላ ግን መሻሻሉ ቀነሰ። እንግዲህ ሮቦቱ ድልድይ ነው፤ ልጁ የሚሻገረው ወደ ሰው ነውና ማዶ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ያሻዋል።

በአገራችን ይህን በተግባር ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሠረቱ። ሲጀምሩ በእጃቸው የነበረው ሮቦት ሳይሆን ትዕግሥት ነበር።

ይህ ትዕግሥት ዛሬ ይበልጥ ያስፈልገናል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ሰፈር ቀይሯል። ለሌላው ልጅ አዲስ ሰፈር አዲስ ጨዋታ ነው። ለውጥ ለሚያስጨንቀው ልጅ ግን የሚያውቀው ደጃፍ፣ ሱቅና የጎረቤት ድምፅ በአንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ምግቡን፣ መታጠቡንና መኝታውን በአንድ ሰዓትና በአንድ ቅደም ተከተል አድርጉለት። በአጭር ቃል አነጋግሩት። እናንት ወጣቶች፣ ወንድማችሁን ኳስ እያንከባለላችሁ «ያንተ ተራ፣ የኔ ተራ» በሉት። አዲሶቹን ጎረቤቶች ቡና ስትጠሩ ልጁን ጓዳ አትደብቁት፤ በስሙ አስተዋውቁት። ተማሪዎች እንዳይስቁበት ማስተማሩ ደግሞ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።