የፖሊስ ሚስት ጡረታ አላት፤ የባለታክሲ ሚስትስ?

በኦክላንድ ወይም በሳን ሆዜ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ወይም የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሲሞት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ባዶ እጇን አትቀርም። ኦክላንድ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1976 በፊት ለተቀጠሩት የራሱ የጡረታ ገንዘብ አለው፤ ከዚያ ወዲህ የተቀጠሩት በካሊፎርኒያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ፣ በካልፐርስ፣ ይታቀፋሉ። ሳን ሆዜም የራሱ ዕቅድ አለው። በአገራችንም ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ ሲሞት ከጡረታው 50 በመቶ ለሚስቱ ይተላለፋል። በዚህ ቅሬታ የለንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ እርስዎ ነገ ቢሞቱ ባለቤትዎ ከየት ያገኛሉ?

ሱቅና ታክሲ ይዘን የምናድር ሰዎች ጡረታ የሚያበጅልን ከተማም ሆነ አሠሪ የለንም። ለአብዛኞቻችን ያለን ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ ነው። ቅጥረኛ ቢሆኑ ግማሹን አሠሪዎ ይከፍል ነበር፤ የራስዎ አሠሪ ስለሆኑ ግን ሜዲኬርን ጨምሮ 15.3 በመቶውን ራስዎ ይከፍላሉ። ይህ ከባድ ነው። ስለዚህም ታክስ ሲሞላ ገቢን ዝቅ አድርጎ መጻፍን ብዙዎቻችን እንደ ብልህነት እንቆጥረዋለን።

አንድ ባለታክሲ ወዳጄ እንዲሁ ያደርግ ነበር። ቀን ከሌት ኤርፖርት እየተመላለሰ ቤተሰቡን በደንብ ያስተዳድር ነበር፤ በታክስ ወረቀቱ ላይ ግን ድሃ ነበር። በድንገት ሲሞት ሚስቱን ላስተረጉምላት አብሬያት ቢሮ ሄድኩ። የተነገራት አበል የቤት ኪራይዋን ሩብ እንኳ አይሸፍንም። ማንም አልበደላትም፤ የተሰላላት ባሏ ጽፎት የሄደው ነው።

ሕጉ ራሱ ግን ንፉግ አይደለም። ሟቹ በቂ ክሬዲት ካለው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሙሉ የጡረታ ዕድሜዋ ሲደርስ እስከ 100 በመቶ፣ በ60 ዓመቷ ከጀመረች 71.5 በመቶ ታገኛለች። ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች የሆነ የሟቹን ልጅ የምታሳድግ ከሆነ በማንኛውም ዕድሜ 75 በመቶ ይገባታል፤ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅም እንዲሁ። ለቤተሰቡ በጠቅላላ ግን ጣሪያ አለው። ለራስዎ ጡረታ 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ለልጆችና ለሚያሳድጓቸው እናት ግን ከመሞትዎ በፊት ባሉት 3 ዓመታት 6 ክሬዲት፣ ማለትም የአንድ ዓመት ተኩል ሥራ፣ ይበቃል። ቅርብ ጊዜ የመጡ ይህን ልብ ይበሉ።

ሌላም አለ። ባልና ሚስት ሱቁን አብረው ይከፍታሉ፣ አብረው ይዘጋሉ፤ ትርፉ ግን በባል ስም ብቻ ይመዘገባል። ሚስት ሃያ ዓመት ሠርታ የራሷ ክሬዲት ባዶ ነው። ሱቁ ኮርፖሬሽን ካልሆነና ታክስ በጋራ የሚሞሉ ከሆነ፣ ትርፉን እንደየድርሻችሁ ከፍላችሁ በየስማችሁ ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ታክስ የሚሠራልዎትን ሰው ይጠይቁ።

ፖሊሶቹና የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ግን ያላቸውንም ይዘው ዝም አላሉም። ሶሻል ሴኩሪቲ ካልተቆረጠበት የመንግሥት ሥራ የራሷን ጡረታ የምታገኝ ሴት፣ የዚያ ጡረታ ሁለት ሦስተኛ በባሏ ሞት ከምታገኘው አበል ላይ ይቀነስባት ነበር። ከሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ጋር ለዓመታት ተሟግተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ይህ ቅነሳ ተሰረዘ። ባለቤትዎ በካሊፎርኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ከሆኑ እርሳቸውንም ይመለከታል።

እነሱ መብታቸውን በሕግ ሲያስጽፉ እኛ የራሳችንን በገዛ እጃችን እንሰርዛለን። የተመዘገበልዎትን ገቢ ዛሬውኑ ከሶሻል ሴኩሪቲ ይመልከቱ። የጎደለ ካለ አይዘግዩ፤ በግል ሥራ የተገኘ ገቢ ዓመቱ ካለቀ ከ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን በኋላ ቢያሳውቁት አብዛኛውን ጊዜ አይያዝልዎትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ለታክስ ያተረፉት መስሎዎት ከባለቤትዎ ጉሮሮ አይንጠቁ።