የት ይቆጠር? በምን ደንብ?

ተሸናፊ «ድጋሚ ይቆጠርልን» ሲል ልባችን ወዲያው ወደ እሱ ያደላል። የኔም ያደላል። ግን ከማጨብጨቤ በፊት የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉኝ። የት የት ይቆጠር? ሁሉም ቦታ ነው ወይስ ደጋፊዎችህ የሚበዙበት ሰፈር ብቻ? ሁለተኛዋ ደግሞ፣ ደንቡ መቼ ወጣ? ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነው ወይስ ውጤቱ ታይቶ? በጥቂት ድምፅ የተለያየ ምርጫ ጠቡ ሁሉ የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ከፍሎሪዳ እንጀምር፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2000። ወደ 6 ሚሊዮን ሰው ድምፅ በሰጠበት ግዛት ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን በለጡ የተባለው በ537 ድምፅ ነው። አንድ ትልቅ የሰርግ አዳራሽ አይሞላም! የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት በዚህ ተወሰነ። ብዙ ካውንቲዎች የሚጠቀሙት የሚበሳ ካርድ ነበር። መራጩ በቀጭን ብረት የእጩውን ቦታ ይበሳል፣ ቁራጯ ትወድቃለች፣ ማሽኑ ቀዳዳውን ያነባል። ችግሩ አንዳንዷ ቁራጭ አትወድቅም። በአንድ ጥግ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ወይም ጎበጥ ብቻ ትላለች። ማሽኑ ይህን ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሰው ግን ካርዱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያያል፣ ያመነታል፣ ይከራከራል። አንዱ ካውንቲ የተንጠለጠለችውን ብቻ ሲቆጥር ሌላው የጎበጠችውንም ቆጠረ። በፓልም ቢች ጭራሽ ቆጠራው እየተካሄደ መለኪያው ተቀያየረ።

ስለ ፍሎሪዳ ሲወራ ጎር ሁሌም የተበደሉ ሆነው ነው የሚቀርቡት። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የራሳቸው ሥራ ነው። በእጅ ይቆጠርልኝ ያሉት በ4 ካውንቲዎች ብቻ ነበር፤ አራቱም ደግሞ ዲሞክራቶች የሚበዙባቸው። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመላው ፍሎሪዳ ማሽኑ ምርጫ አላየሁባቸውም ያላቸው ካርዶች ይታዩ ያለው ዲሴምበር 8 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በማግስቱ አገደው፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ ጨርሶ አስቆመው። ከ9ኙ ዳኞች 7ቱ መለኪያው ከቦታ ቦታ መለያየቱ ችግር እንዳለበት ተስማሙ። 5ቱ ደግሞ «ጊዜ የለም» አሉና ነገሩ አለቀ። ይህቺ አመክንዮ ለኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠችልኝም። መለኪያው እኩል ካልሆነ እኩል አድርጎ ማስቆጠር ነው እንጂ ሰዓት እያዩ በሩን መዝጋት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የሚገርመው ከዓመት በኋላ የመጣው ነው። ትልልቅ የዜና ተቋማት ተባብረው ያልተቆጠሩትን ካርዶች አስመረመሩ። ጎር በጠየቁት መንገድ ቢቆጠር ኖሮ ቡሽ ያሸንፉ ነበር። በመላው ግዛት ማሽኑ የጣለው ካርድ ሁሉ፣ ሁለት ቦታ ተበስቷል ተብሎ ዋጋ ያጣውም ጭምር፣ ቢታይ ግን ጎር ለጥቂት ይቀድሙ ነበር። ያልጠየቁት ነገር ነበር የሚያዋጣቸው!

እ.ኤ.አ. በ2008 ሚኒሶታ ውስጥ ለሴናት ወንበር የተደረገው ቆጠራ ከዚህ ይሻላል። ኖርም ኮልማን መጀመሪያ በ215 ድምፅ ይመሩ ነበር፤ ከቆጠራና ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ አል ፍራንከን በ312 አሸነፉ። ስምንት ወር ፈጀ። ግን አወዛጋቢዎቹ ወረቀቶች በአደባባይ አንድ በአንድ ታዩ፣ ጋዜጦችም ፎቷቸውን አወጡት፤ አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ «ይቺ ትቆጠራለች፣ ይቺ አትቆጠርም» እያለ ይፈርድ ነበር። አንዱ መራጭ ለፍራንከን ካጠቆረ በኋላ «እንሽላሊት ሰዎች» ብሎ ሌላ እጩ ጽፎ እሱንም አጥቁሯል (እዚያም ቀልደኛ አይጠፋም)። ሁለት ሰው መርጧል ተብሎ ወደቀ። ፍራንከን ባይወዱትም ደንቡ ደንብ ነው።

ቆጠራም የማይፈታው ጊዜ አለ። በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 ለግዛቱ ምክር ቤት የተወዳደሩት ሼሊ ሲመንድስና ዴቪድ ያንሲ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ሕጉ ዕጣ ይላል፤ ስማቸው በፊልም መያዣ ቆርቆሮ ተጠቅልሎ ሳህን ውስጥ ገባና የያንሲ ወጣ። በዚያች ዕጣ ሪፐብሊካኖች ምክር ቤቱን 51 ለ49 ይዘው ቀሩ። ዕጣ ነዋ፣ ምን ይደረግ? ለነገሩ ዕጣም ቢሆን ሲያዩት ነው የሚታመነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣውን የአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አትርሱ፤ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኘ ብሎ ሰረዘው። ሳህንና ሁለት ቆርቆሮ ከኮምፒውተር የሚበልጥበት ቀን አለ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያከራክረኝ የዋሽንግተን ግዛት ነው፤ ሲያትል ያለችበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ለገዥነት በተደረገው ምርጫ ሪፐብሊካኑ ዲኖ ሮሲ ክሪስቲን ግሬጎየርን በ261 ድምፅ በለጡ። በሕጉ መሠረት በማሽን ሲደገም ልዩነቱ 42 ሆነ። 42! ወደ 2.8 ሚሊዮን ድምፅ ተሰጥቶ። ዲሞክራቶቹ ተያዥ ገንዘብ አስይዘው በመላው ግዛት በእጅ ይቆጠር አሉ (ከፍሎሪዳ የተማሩ ይመስላል)። ሕጉ ውጤቱ ከተገለበጠ ገንዘቡ ይመለስላችኋል ይላል። ከዚያ በኪንግ ካውንቲ፣ የሲያትል ካውንቲ ማለት ነው፣ በስህተት ውድቅ የተደረጉ 573 ወረቀቶች ተገኙ። ጥፋታቸው ምንድነው ቢባል፣ የመራጩ ፊርማ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስላልነበረ ብቻ ተጥለዋል። ሠራተኞቹ የወረቀት ፋይሉን ማየት ነበረባቸው፤ አላዩም።

እዚህ ላይ ራሳችሁን በሮሲ ደጋፊ ጫማ አስገቡ። ሁለት ጊዜ አሸንፈሃል። በሦስተኛው ተቀናቃኝህ ከሚወደድበት ካውንቲ፣ በዲሴምበር፣ አዲስ ወረቀት «ተገኘ»። ኮሮጆ ግልበጣ የሚለው ቃል ምላሳችሁ ላይ አይመጣም? እኔ ብሆን እጮህ ነበር። ግን ደግሞ ከ573ቱ አንዷ ብሆንስ? ፈርሜ፣ በወቅቱ ልኬ፣ አንድ ጸሐፊ መሳቢያ ሳይከፍት በመቅረቱ ድምፄ ይጣል? የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቆጠሩ አለ። ግሬጎየር በ129 አሸነፉ።

ሮሲ ከሰሱ። ዳኛ ጆን ብሪጅስ ማስረጃውን ሰምተው 1,678 ሕገወጥ ድምፅ መሰጠቱን አረጋገጡ። በወንጀል ተፈርዶባቸው የመምረጥ መብታቸው ያልተመለሰላቸው ሰዎች መርጠዋል፤ በሞቱ ሰዎች ስምም ድምፅ ተሰጥቷል። ከልዩነቱ ከአስር እጥፍ በላይ ነው! ግን እነዚያ ድምፆች ለማን እንደተሰጡ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የሮሲ ጠበቆች «በአካባቢው ውጤት እያሰላን እንቀንስ» አሉ፤ ዳኛው በግምት ድምፅ አልቀንስም ብለው ክሱን ጣሉት። ሮሲ የዚያኑ ቀን ይግባኝ አልልም አሉ። ፍርዱ ደስ አይልም። ሕገወጥነቱ ተረጋግጦ ውጤቱ ሲጸና ማንን ደስ ይለዋል? ነገር ግን ሁሉም ወረቀት ታይቷል፤ የሁለቱም ወገን ሰዎች አብረው ቆጥረዋል፤ ደንቡ ከምርጫው በፊት ነበር። ተሸናፊው ወደ ቤቱ ሄደ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ ተወዳደረ፣ በሰፋ ልዩነት ተሸነፈ።

ያ ፍርድ የተሰጠበት ቀን በኛ አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 1፣ አዲስ አበባ ላይ ጥይት ተተኮሰ።

ብዙዎቻችን ያኔ ከድምፅ ቆጠራ ይልቅ ፊደል ቆጠራ ላይ ነበርን። ስለዚህ ላስታውስ። ግንቦት 7 ማታ፣ ምርጫው በተካሄደበት ዕለት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ከለከሉ። ገዢው ፓርቲም ተቃዋሚዎቹም ቅሬታ አቀረቡ። ማጣራቱ ወደ ክረምት ገባ። ከዚያ የመጣው ትልቁ ውሳኔ በ31 የምርጫ ክልሎች ምርጫው ይደገም የሚል ነበር፤ ነሐሴ 15 ተደገመ። በሰኔውና በቀጣዩ ጥቅምት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን መዝግቧል።

ድጋሚ ምርጫና ድጋሚ ቆጠራ አንድ አይደሉም፤ እኛ አገር ግን ወሬው ላይ እናምታታቸዋለን። ድጋሚ ቆጠራ ሕዝብ ግንቦት 7 ምን እንዳለ ይፈልጋል። ድጋሚ ምርጫ ግን በነሐሴ ምን እንደሚል ይጠይቃል። በመሀል የሆነውን ያየ፣ የሞተ የቀበረ፣ ልጁ የታሰረበት ሰው በነሐሴ ያው መራጭ ነው? በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ፍርድ ቤቱ የፖስታ ድምፆች ያለአግባብ ተከፍተዋል ብሎ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሰርዟል፤ ውጤት መጭበርበሩ ሳይረጋገጥ። ሲደገም ያው ሰው፣ ቫን ደር ቤለን፣ ከ31 ሺህ ወደማይሞላ ልዩነት ሳይሆን ከ300 ሺህ በላይ ሰፍቶ አሸነፉ። ስለዚህ መድገም በራሱ ክፉ ነው አልልም። እዚያ ግን በሁለቱ ምርጫዎች መሀል ማንም አደባባይ ላይ አልሞተም።

አንድ ቀን በእጩዎች የክርክር መድረክ ላይ ማይክ ቢደርሰኝ ስለ መንገድና ስለ ኑሮ ውድነት የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እኔ ሌላ ነው የምጠይቀው። በስንት ድምፅ ብትሸነፉ ነው ይቆጠር የምትሉት? ብታሸንፉስ በዚያችው ቁጥር ተቀናቃኛችሁ ሲጠይቅ እሺ ትላላችሁ? ከተቆጠረ በኋላስ ወረቀቱ ያለበትን ክፍል ቁልፍ ማን ይያዝ?