ዶቅዶቄዋን ከመፍታታችን በፊት

ጉባ ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ከተመለስን ወዲህ በመኝታ ክፍልም በሻይ ቤትም አንድ ክርክር ተይዟል። ክርክሩ ልምምድ ባደረግንበት ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ለዓመታት ስለቆመችው አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ብስክሌት ነው። ርእሰ መምህሩ «ከቻላችሁ ሥሯት፤ ካልሆነም ንገሩኝና ከአሮጌው ብረት ጋር በጨረታ ትውጣ» ብለውናል። እኛም በሁለተኛው ዙር ልምምድ መልስ ይዘን እንደምንመጣ ቃል ገብተናል። ስለዚህ አስተያየታችንን በዚህ ዓምድ ማስፈሩን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ የብረት ፍቅር አይደለም። የጉድኝት ሱፐርቫይዘሩ ወደየትምህርት ቤቱ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። ሩቁ ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ የጉባን በጋ የቀመሰ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኛን እንኳን በልምምዱ ጊዜ ሊያዩን የቻሉት አንድ ቀን ብቻ ነው። አዲስ መምህር የሚያርመው ሰው ሳያገኝ ወራት ሲያልፉ ስሕተቱን ልማድ ያደርገዋል።

ከመካከላችን አንዱ ወገን ሞተሩ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ይፈታ፣ ይታጠብ፣ አዲስ ፒስተን ይግባለት፣ ቀለምም ይቀባ ይላል። ሌላው ደግሞ ምን ያስጨንቃል፣ ቤንዚን ሞልቶ ቁልቁለት ላይ መግፋት ነው ባይ ነው። «ታላቁ ግድብ በተሠራበት ወረዳ አንዲት ዶቅዶቄ ልታቅተን ነው እንዴ?» ያለም አለ። አነጋገሩ ደስ ይላል። ነገር ግን የግድቡ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከመጣሉ ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1964 በተካሄደው የዓባይ ተፋሰስ ጥናት ቦታው ተለይቶ ነበር። ማንም ድንገት ተነሥቶ አልቆፈረም።

የእኛ አቋም ሞተሩ ምን እንደነካው ሳይታወቅ አይፈታም፣ ሳይታይም አይረገጥም የሚል ነው።

እዚህ ላይ ጥፋታችንን እንናገር። ዶቅዶቄዋን ባየናት ቀን ማስነሻውን ተራ በተራ ረገጥነው። ንቅንቅ አላለም። አንዱ ጓደኛችን ጭራሽ ሊዘልበት ሲል ዘበኛው «ኧረ ልጆች፣ ትሰብሩታላችሁ!» ብለው አስቆሙን። እውነታቸውን ነው። ብዙ ክረምት ቆሞ ያሳለፈ ሞተር ሲሊንደሩ ይዝግና ፒስተኑንና በዙሪያው ያሉትን ፋሻዎች ይይዛል። ያንን በጉልበት ማላቀቅ የማስነሻውን ጥርስ ይሰብራል፤ ፋሻውንም ቢሆን አይምርም። ደግ የሚሆነው ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ናፍጣና ዘይት ማፍሰስ፣ ለጥቂት ቀናት መተው፣ ከዚያ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ የኋላ ጎማውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ነው።

ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለሆነ አንድ በጎ ነገር አለው። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ብቻ አውልቆ በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ቢመለከቱ የፒስተኑ ጎንና ፋሻዎቹ ይታያሉ። ፒስተኑ ለስላሳ ከሆነ ቴስታታውን መክፈት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። ከላይ ወደ ታች በጥልቁ የተጫረ ከሆነ ግን ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ይሰፋል፤ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተንም ይፈለግለታል። ፒስተኑ በእጅ ሳይገባ ሲሊንደሩ መስፋት የለበትም፤ ልኩ የሚወሰደው ከፒስተኑ ነውና። ለዚህ ደግሞ ከማንኩሽ እስከ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው መላክ ሊኖርብን ነው። «ሁሉም ይፈታ» የሚለው ወገን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እስካሁን አልነገረንም።

ቁልቁለት ላይ እንግፋት ለሚሉት ደግሞ ጥያቄ አለን። ብትነሣስ? እኛን የሚያስፈራን መነሣቷ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ዘይት የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ከሚገባው ብቻ ነው። ኤጂ 100 ለዚህ የራሱ የዘይት ጋንና ትንሽ ፓምፕ አለው፤ ፓምፑ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንደሚገፋ ማን አየ? ዛሬ በየከተማው የምናያቸው ቦክሰርና ቲቪኤስ ባለ አራት ምት ስለሆኑ የለመደ መካኒክ እንኳ «ዘይት ከታች ሞልቻለሁ» ሊለን ይችላል። ከታች ያለው ግን የማርሽ ዘይት ነው፣ ፒስተኑ ዘንድ አይደርስም። በዚህ ላይ በክራንኩ ግራና ቀኝ ያሉት የዘይት ጎማዎች በመቆም ብዛት ይደርቃሉ፤ ሲሰነጠቁም አየር ያስገባሉ፣ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። በጉባ ፀሐይ ጥቂት እንደተሄደ ፒስተኑ ይይዝና የኋላ ጎማው በሩጫ ላይ ቀጥ ይላል። እኛ አስነሥተን፣ አጨብጭበን እንመለሳለን፤ በላይዋ ተቀምጠው የሚሄዱት ሱፐርቫይዘሩ ናቸው።

ስለዚህ የፓምፑ ሥራ በዓይን እስኪታይ ድረስ ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት በእጅ ይቀላቀል። የዘይት ጎማዎቹ ቢመስሉም ባይመስሉም ይቀየሩ። ማግኔቱም በራሱ ማውጫ መሣሪያ እንጂ በመዶሻ አይነካ። ቀለሙ ይቆየን፤ ሳትሄድ ብታምር ምን ይሠራል?

ከሁሉ የምንፈራው ግን ሌላ ነው። ተፈታታ ግማሹ ዕቃ በጆንያ፣ ግማሹ በሰው ኪስ የቀረች ዶቅዶቄ ለጨረታም አትሆንም። ስለሆነም በሁለተኛው ዙር ስንሄድ የካንዴላ ቁልፍ፣ ግማሽ ሊትር ናፍጣና አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። የሚፈታው ዕቃ ሁሉ በደብተሩ ላይ ይሣል፣ ተራ ቁጥር ይሰጠው፣ የንብረት ኃላፊውም ይፈርሙበት። በመጀመሪያው ሳምንት ከካንዴላውና ከጭስ ማውጫው ቱቦ በቀር ምንም አይፈታም። በቱቦው ቀዳዳ ያየነውን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሥዕሉን ጨምረን እዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን።