የጠፋ ዕቃ ዕዳው የማን ነው?

ለማኅበራችን አባላትና ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው በዚህ ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ የምንለጥፈው ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮና ስለ ሌሊት ጥበቃ ነው። ዛሬ ግን ሰፈራችንን ለሁለት ከፍሎ የሰነበተውን የጩኮ ነገር ሳናነሳ ብናልፍ፣ አይተን እንዳላየን መሆን ነውና አስተያየታችንን ለመጻፍ ተገደናል።

ነገሩን ያልሰማ ካለ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ በቴሌግራም ጩኮ፣ በሶና ቅቤ ትሸጣለች። እጇ ንጹሕ ነው፣ ጩኮዋን የቀመሰ ሁሉ ይመሰክራል። ለአንዲት አዲስ አበባ ለምትኖር ደንበኛ አምስት ኪሎ ጩኮ ለመላክ ተስማምታ ገንዘቡን አስቀድማ በቴሌብር ተቀበለች። ዕቃውን በካርቶን አሽጋ መናኸሪያ ወሰደች፤ ለሚኒባስ ረዳት ሰጠች፤ የማድረሻውን ከፈለች፤ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደረሰኝ የለ፣ የታርጋ ቁጥር የለ። ዕቃው አልደረሰም። ደንበኛዋ ሦስት ቀን ጠብቃ ቴሌግራም ላይ ሰው ሁሉ እያየ «ሌባ ናት» ብላ ጻፈችባት። ልጅቷ በበኩሏ ረዳቱን ሌባ አለችው። ረዳቱ ደግሞ የዚሁ የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቶቻቸው ስንት ዓመት በአንድ የእድር ድንኳን ውስጥ ሽንኩርት አብረው የከተፉ ሴቶች፣ ይኸው ሰላምታ ተነፋፍገው መንገድ ለውጠው መሄድ ጀመሩ።

ረዳቱ ወደ እኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ስንት ዓመት የሰው ዕቃ ስጭን አንድ ቀን ሌባ ተብዬ አውቃለሁ?» ሲለን መልስ አጣን። ልጅቷም አልቅሳ ስትነግረን መልስ አጣን። ሁለቱም እውነታቸውን ነበርና።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። በእኛ አስተያየት የገዢዋን ገንዘብ መመለስ ያለባት ሻጯ ናት፤ ያውም ዕቃው እስኪገኝ ሳትጠብቅ። ገዢዋ የከፈለችው እጇ ለሚገባው ጩኮ ነው እንጂ መናኸሪያ ለተሰጠው ጩኮ አይደለም። ረዳቱን የመረጠችው እሷ አይደለችም፣ መልኩንም አታውቀው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠውን ዕቃ የማስረከብ ግዴታ አለበት ይላል። ማስረከብ ማለት ለጫኝ መስጠት ነው ወይስ ለገዢ በሚለው ላይ ጠበቆች ይከራከሩ፤ እኛ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆምን ሰዎች ነን። እኛ የምናውቀው ዕቃውን ፈልጎ ለማግኘት የሚችለው የላከው ሰው መሆኑን ነው። ለማን እንደሰጠ፣ በስንት ሰዓት እንደሰጠ፣ ካርቶኑ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው እሱ ነው። ገዢ ምን ይዞ ይፈልግ?

አንዳንድ አባላት «ይቺ ልጅ ከየት አምጥታ ትክፈል? አንድ ካርቶን ሲጠፋ የስንት ካርቶን ትርፍ ይዞባት ይሄዳል» ብለውናል። ልክ ናቸው። ግን እስቲ እናስበው፤ እድር የምናዋጣው ማን መቼ እንደሚሞት አውቀን ነው እንዴ? ሞት እንደማይቀር ስለምናውቅ አይደል! ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ብዙ የሚልክ ሰው አንድ ቀን ይጠፋበታል። ስለዚህ በስልክ የሚሸጥ ሰው ከየሽያጩ ጥቂት ጥቂት ብር ለይቶ ለጠፋ ዕቃ ቢያስቀምጥ፣ የጠፋ ቀን ከደንበኛ ጋር አይጣላም፣ የሰው ልጅም አይሰድብም። በሰፈራችን ውስጥ እኛ የምናውቃቸው ብቻ ሰባት ቤቶች በስልክ ይሸጣሉ። ሰባቱ በአንድ ላይ ቢያዋጡ ደግሞ የበለጠ ይረዳ ነበር፤ ይህን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ እናቀርባለን።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተገኘ! ያገኘውም ያው ሌባ የተባለው ረዳት ነው። የእሱ ሚኒባስ የሚሠራው እስከ አዳማ ብቻ ስለሆነ፣ ያን ዕለት ካርቶኑን አዳማ ላይ ለአዲስ አበባ መኪና ረዳት አስተላልፏል። ያኛው ረዳት አዲስ አበባ ሲደርስ የሚቀበለው ሰው ቢያጣ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ጥሎት ሄደ። የእኛው ልጅ የዕረፍት ቀኑን ሠውቶ፣ በራሱ ትራንስፖርት ሄዶ ሲያስፈልግ ካርቶኑ ከጥግ ወጣ። ታዲያ ለምን ማንም ደውሎ አልጠየቀም ቢባል፣ ስምና ስልኩ በእስክርቢቶ በወረቀት ተጽፎ ካርቶኑ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ቅቤው ወጥቶ ወረቀቱን አጥቦታል። የቀረው አንድ «0» እና አንድ «9» ብቻ ነው።

አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ጠዋት ሲታሸግ ጩኮው ውስጥ ያለው ቅቤ እንደ ድንጋይ ደርቋል። መኪናው በኢተያ በዴራ አድርጎ አዳማ ሲወርድ ግን ከእኛ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱን የሄደበት ያውቀዋል። በካርቶን የታሸገ ጩኮ እዚያ ሲደርስ የማያወጣ ቅቤ የለም። ስለዚህ ሌባው ማን ነው ቢባል የአዳማ ፀሐይ ነው፤ ግብረ አበሯ ደግሞ የእኛ ወረቀት ናት። ሦስት እጅ ተቀባበለው፣ አንድም እጅ ላይ ጽሑፍ አልነበረም።

እኛም ከወቀሳ ነፃ አይደለንም። በ2009 ዓ.ም. የማኅበራችንን ማኅተም ለማሳደስ በመንገደኛ እጅ አዲስ አበባ ልከን ጠፍቶብናል። ያኔ እኛም ሰውየውን ብዙ ብለነዋል። ደረሰኝ አለ ወይ ሲባል ዝም አልን። ለአዲስ ማኅተምና ለጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጣነው ከእናንተው መዋጮ ነው፤ በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ» ብለን ያለፍነው እሱ ነበር። ይኸው አሁን ተናገርነው።

ፖስታ ቤት ድሮ ቀርቷል የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም። የአገራችን ፖስታ በአፄ ምኒልክ ጊዜ በ1886 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነ ነው። ኅብረቱ ራሱ በስዊዘርላንድ አገር በበርን ከተማ በ1867 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋናው ሥራው የአንዱ አገር ዕቃ በሌላው አገር እጅ ሲያልፍ ሥርዓት እንዲኖረው ነበር። ለዚህም ነው በሪኮማንዴ ወይም በኢ.ኤም.ኤስ. ለላከ ሰው ቁጥር ያለው ደረሰኝ የሚሰጠው። የቁጥሩ አጻጻፍ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ በመጨረሻ የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። ወደ ውጭ አገር የተላከ ዕቃ ቢጠፋ ላኪው ከላከበት ማግሥት ጀምሮ እስከ ስድስት ወር ድረስ ይፈለግልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። ያለ ሪኮማንዴ የተጣለ ተራ ደብዳቤ ግን ቢጠፋ ካሣ የለውም፤ ውስጡ ብር የሚከት ሰውም ካለ ይተው።

ፖስታ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። በአገራችን የፖስታ አድራሻ ማለት ከጥንት ጀምሮ ፖ.ሣ.ቁ. ነው እንጂ የቤት ቁጥር አይደለም፤ ሣጥን የሌለው ደንበኛ ብዙ ነው። ሚኒባስ ጠዋት የሰጡትን ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ያደርሳል፣ ፖስታ እንደዚያ አይሮጥም። ስለዚህ ሚኒባስ ተዉ አንልም። ውድ ዕቃ፣ ሰነድና የውጭ አገር ዕቃ በፖስታ፤ የቀረው በሚኒባስ ይሁን፣ ግን በጽሑፍ ይሁን ነው የምንለው። በነገራችን ላይ አውሮፓ ላሉ ዘመዶቻችሁ ጩኮና ቅቤ በፖስታ የምትልኩ ሁሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ ዓይነት አገር በግል የሚላክ የወተት ውጤት አያስገቡም። እሱ ጠፋ አይባልም፤ ጉምሩክ ወሰደው ነው።

አንዲት እናት ደግሞ «የስልክ ወሬ ማስረጃ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 መልእክቱ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለተላለፈ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላል። ስለዚህ የቴሌግራሙን ንግግርና የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ። ካርቶኑንም ሳትሰጡ በፊት ከመኪናው ታርጋ ጋር ፎቶ አንሱት።

ማኅበሩ ባለ ካርቦን ደረሰኝ ሁለት ጥራዝ አሳትሟል። በላዩ ላይ የላኪ ስልክ፣ የተቀባይ ስልክ፣ ታርጋና የረዳቱ ፊርማ ይሞላበታል። ረዳቶቹን አነጋግረናል፤ አብዛኞቹ እንፈርማለን ብለዋል፣ ሁለቱ «ጊዜ የለንም» ብለዋል፤ ለእነሱ ዕቃ አትስጡ። ስምና ስልክ ካርቶኑ ላይ ራሱ በማርከር ይጻፍ፤ ሌላ ወረቀት ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ ውስጡ ይግባ። ጩኮ ክዳኑ በሚጠብቅ ባልዲ እንጂ በካርቶን አይላክ።

ልጅቷ ገንዘቡን መልሳለች። ደንበኛዋም የጻፈችውን አጥፍታ፣ በድጋሚ ሦስት ኪሎ አዝዛለች። የተገኘውን ጩኮ ረዳቱ ራሱ አሰላ ድረስ መልሶ አምጥቶታል፤ አልተበላሸም። ለእሱ ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ ያለው ሰው የለም። እሑድ በስምንት ሰዓት ሽማግሌዎች ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ልጅቷም እናቷም አብረው እንዲገኙ በዚህ ጽሑፍ እንጠይቃለን። ደረሰኙን የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ጽሕፈት ቤታችን ክፍት ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ